እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፤ በጆሯቸው ተምረው የቅኔ መምህር የሆኑት ሴት

ልጅ ሆኜ ዳዊት ስደግም ከተሳሳትኩ ቀድሞ የሚያርመኝ አባቴ አልነበረም። ጓዳ ምጣድ ዳር የተቀመጠችው ታላቅ እህቴ ነበረች። እሷ መጽሐፉን አንድም ቀን በእጇ ይዛ አታውቅም፤ ፊደልም ያስቆጠራት ሰው የለም። እኛ ወንዶቹ ምድጃ ዙሪያ ተኮልኩለን በየማታው ስንጮህ ስትሰማ ከርማ፣ ማንም ሳያውቅባት ከሁላችንም ቀድማ በቃሏ ይዛዋለች። አባቴ እርማቱን ሲሰማ ወደ ጓዳ ዞር ይልና ዝም ይል ነበር። የዚያ ዝምታ ትርጉም የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ እህቴ አይደለም፤ እሷን ባሰብኩ ቁጥር ስለሚታወሱኝ ሌላ ሴት ነው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ይባላሉ። የቅኔን ነገር የሚያውቅ የጎጃም ሰው ስማቸውን ያለ አክብሮት አያነሳም። ከስልካችሁ ጋር ውላችሁ የምታድሩ ልጆች ግን ምናልባት ዛሬ ገና ልትሰሙ ነው። ግድ የለም፣ እኔም ብሆን አባቴ ባይነግረኝ ኖሮ አላውቃቸውም ነበር።

መጀመሪያ ግን ቤታችንን ላሳያችሁ። ያለዚያ የእሳቸው ነገር በደንብ አይገባም።

እኛ ቤት ዘጠኝ ልጆች ነበርን። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ገጠር ነው ያደግነው። አባታችን ቄስም ገበሬም ነበር። ቀን በቆሎና በርበሬ ያርሳል፤ ተራው ሲደርስ ሌሊት ተነስቶ ለቅዳሴ ይሄዳል፤ ማታ ደግሞ እኛን ያስተምራል። ትምህርት ቤታችን ያው ምድጃው ዳር ነበር። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ወተት የሚባል ነገር አይነሳም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም እየተባለ ወሩ የሚቆጠረው በታቦት ነው። እኔ ዛሬም ቢሆን ቀን ስጠየቅ መጀመሪያ የሚመጣልኝ የበዓሉ ስም ነው።

ትምህርቱም መስመር አለው። መጀመሪያ ፊደል ይቆጠራል። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ቀጥሎ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ከዚያ 150ው መዝሙረ ዳዊት ይመጣል። አንድ ልጅ ዳዊት ደገመ ከተባለ ቤቱ ድግስ ነው፤ ጠላ ይጠመቃል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ መምህሩ ይመረቃል። ከዚያ በኋላ ልጁ ከቤት ይወጣል። ለዜማ፣ ለቅዳሴ ወይም ለቅኔ ብሎ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። የቆሎ ተማሪ የሚባለው ይሄ ነው። ቀን በየደጁ በማርያም ስም ለምኖ ያገኘውን ቁራሽ ይበላል፤ ከውሻ ጋር ይታገላል፤ ከጓደኞቹ ጋር በሣር ጎጆ ያድራል። ከአባ እጅ ወጥተው በቡሬ በኩል አልፈው የሄዱ ሁለት ወንድሞቼ ሲመለሱ አላወቅናቸውም ነበር፤ ቁመታቸውም አነጋገራቸውም ተለውጦ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ይህን መንገድ እንዴት ትሄዳለች? በጫካና በገደል ብቻዋን አቋርጣ፣ በማታውቀው አገር ለምና፣ ከወንዶች ጋር ጎጆ ውስጥ ልትደር ነው? ማን ይፈቅዳል? ደግሞ ብትማርስ ዲያቆንም ቄስም አትሆንም፤ ቅኔ ማኅሌት ቆማ አትዘምርም። ስለዚህ ብዙው ወላጅ ለሴት ልጁ ከጅምሩ ፊደልም አያስቆጥራት። እህቴ ምጣድ ዳር የቀረችው አባታችን ክፉ ስለነበረ አይደለም። አገሩ በሙሉ እንደዚያ ያስብ ስለነበረ ነው። ይህን የምለው አባቴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። እኔም ብሆን ዳዊቱን ስታርመኝ እናደድባት ነበር እንጂ አንድም ቀን መጽሐፉን ወስጄ ይሄውልሽ አላልኳትም።

ለሴት ልጅ ሊከፈት የሚችለው አንድ በር ብቻ ነበር ማለት ነው፤ መምህሩ ራሱ አባቷ ሆኖ፣ ትምህርት ቤቱም ቤቷ ሲሆን። እማሆይ ገላነሽ የገቡት በዚያ በር ነው።

እማሆይ የተወለዱት በጎጃም ገጠር፣ በፀላሎ ነው። አባታቸው ሐዲስ የታወቁ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ደጃቸው የተማሪ ጎጆ የተደረደረበት ነበር። ገላነሽ ገና ልጅ ሳሉ የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። በዚያን ጊዜ ዓይኗ የጠፋ የገጠር ልጅ ምን ዕጣ እንደሚጠብቃት ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ውኃ አትቀዳም፣ እንጨት አትለቅምም፣ ባል አያገባትም ይባላል። ቤት ውስጥ ተቀምጣ ሰው እስኪያጎርሳት ትጠብቃለች፤ ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትቀመጣለች።

እሳቸው ግን የተቀመጡት ጉባኤ ያለበት ቤት ነው። ጉባኤ ያለበት ቤት ደግሞ ከማለዳ እስከ ማታ ድምፅ አያጣም። አንዱ ተማሪ ግስ ይወርዳል፣ ሌላው አገባብ ያጠናል፣ ሌላው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። ትንሿ ገላነሽ ይሄን ሁሉ ሰሙ። ሰምተውም ያዙ። አባትየውም ልጃቸው የያዘችውን ባወቁ ጊዜ ሴት ናት፣ ማየት የተሳናት ናት ብለው አልገፏትም፤ አስተማሯት።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ልበል። ቅኔ ምን እንደሆነ ካላወቅን ነገሩ ተአምር ብቻ ይመስለናል። ቅኔ በግእዝ የሚደረስ ግጥም ነው፤ ሰምና ወርቅ አለው። ላይ ላዩን አንድ ነገር ይላል፣ ውስጡ ሌላ ነው። ብዙ ዓይነት አለው። አጭሩ ጉባኤ ቃና 2 ቤት ነው፤ ዘአምላኪየ 3፤ ሥላሴ 6፤ መወድስ ደግሞ 8 ቤት ነው። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ቤት እየጨመረ ወደ ላይ ይወጣል። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ የዜማ ልክ አለው፤ አንድ ቃል ከረዘመ ወይም ካጠረ ቤቱ ይሰበራል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፤ ቅኔ የሚደረሰው በወረቀት አይደለም፣ በጭንቅላት ነው። መምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ከአእምሯቸው ይዘርፋሉ፤ ተማሪው ይሰማል። ከዚያ ተማሪው ለብቻው ጫካ ወይም ዛፍ ሥር ይሄድና ተቀምጦ ይቆጥራል። ሲሞላለት መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ እዚያው ያርሙታል፦ ይሄ ግስ አይገባም፣ ይሄ ምሥጢር አልገጠመም እያሉ። ማታ ደግሞ ግሱ በቃል ይወርዳል። ብዕርም ቀለምም አያስፈልግም። በዚያ ላይ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ለየበዓሉ አዲስ ይደረሳል። ስለዚህ ማንም ተማሪ ሊደበቅበት የሚችል ደብተር የለውም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ትምህርት ዓይን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጆሮ፣ ትዝታና ትዕግሥት ነው። ገላነሽ ሦስቱም ነበራቸው። ዓይን ያለው ተማሪ ሲቆጥር ወፍ ያየዋል፣ መንገደኛ ያየዋል፣ ሐሳቡ ይበተናል። የእሳቸው ሐሳብ ብዙም አይበተንም ብዬ እገምታለሁ፤ ይሄ ግን የእኔ ግምት ነው።

ከአባታቸው በኋላ የማስተማሩን ሥራ እሳቸው ያዙት። ይሄን ዛሬ በቀላሉ ነው የምንጽፈው። በዚያን ጊዜ ግን ከሩቅ አገር ደበሎውን ለብሶ የመጣ ጎረምሳ፣ አንዲት ማየት የተሳናቸው ሴት እግር ሥር ተቀምጦ ግእዝ ሲማር ማየት ምን እንደሚመስል አስቡት። ቅኔ ቤት ደግሞ ርኅራኄ የሚባል ነገር የለም። መምህሩ ደካማ ከሆነ ተማሪው አኩፋዳውን ያነሳና በማግስቱ ወደ ሌላ ይሄዳል። ዋሸራ አለ፣ ጎንጅ አለ፣ ወሎ ውስጥ ዋድላ አለ፤ የቅኔ አገር ሞልቷል። ተማሪ እሳቸው ጋ የሚቀመጠው አዝኖላቸው ሊሆን አይችልም። የሚማረው ስላገኘ ነው። ከእሳቸው የተማሩ ወንዶችም በየደብሩ ማኅሌት ቆመው ቅኔ አበርክተዋል፤ እሳቸው ሊቆሙበት ከማይችሉበት ቦታ ላይ ማለቴ ነው።

የሴቷ ነገር በዓለምም ቢሆን ቀላል አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት ለወንዶች ነበር፤ የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1920ዎቹ ነው። ማየት ለተሳናቸውም ቢሆን የብሬል ጽሑፍ ፈረንሳይ ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1829 ታትሟል፤ የጎጃም ገጠር ግን ስለ እሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ለእሳቸው የሚቀርባቸው የግብጹ ጠሃ ሁሴን ይመስለኛል። እሱም በሕፃንነቱ ዓይኑን አጥቶ፣ በመንደር የሃይማኖት ትምህርት ቤት ቁርዓን በቃሉ ይዞ፣ በኋላ የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው። ጠሃ ሁሴን ወንድ ስለነበር ከመንደሩ ወደ ካይሮ፣ ከካይሮ ወደ ፓሪስ መሄድ ቻለ። ገላነሽ ግን ዓለም ወደ እሳቸው ደጅ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባቸው። መጣም።

ከጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት የወጡ ሌሎችን እናውቃለን። ዮፍታሔ ንጉሤን በደብረ ኤልያስ፣ ሐዲስ ዓለማየሁን በፍቅር እስከ መቃብር፣ የአቸፈሩን አቤ ጉበኛን በአልወለድም እናስታውሳቸዋለን። እነሱ መጽሐፍ ስላሳተሙ ስማቸው ከእኛ ጋር ቀረ። የእማሆይ ሥራ ግን የተነገረው በአፍ፣ የቀረውም በተማሪ ጆሮ ነው። በዚህ የተነሳ የስማቸውን ያህል ሥራቸው በእጃችን የለም። ቅኔ ያልተጻፈ እንደሆነ የሚኖረው ያዢው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል።

አባቴ ስለ እማሆይ የነገረኝ እህቴ ካገባች በኋላ ነው። አንድ ማታ ምድጃው ዳር ብቻችንን ተቀምጠን፣ ስለ ፀላሎዋ መምህር አውርቶ ሲጨርስ፣ የእሳቸው አባት እንዳደረጉት ሊያደርግ ይገባው እንደነበረ በቀስታ ነገረኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። እኔም አልጠየቅኩትም። ያን ጊዜ ነው የድሮ ዝምታው የገባኝ፤ ልጁ መሰጠቷን ያውቅ ነበር። ያውቅ ነበር፣ ግን ከአገር ልማድ ጋር መጋጨት ከበደው። ሐዲስ የሚባሉት መምህር ከእሱ የተለዩት በእውቀት ብቻ አይደለም፤ በዚህችም ነው።

እህቴ አሁን ቡሬ አካባቢ ነው የምትኖረው። የልጅ ልጇ ስድስተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ስሄድ ሁለቱ የሚያደርጉትን አየሁ። አያትየው ዓይኗን ጨፍና ዳዊቱን በቃሏ ትላለች፤ ልጅቷ ደግሞ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቷ ትከተላለች። ልጅቷ ስትሳሳት አያት ታርማለች። አያት ፊደሉን ማየት ስትፈልግ ደግሞ ልጅቷ ጣቷን ይዛ ታሳያታለች። እህቴ በዚህ ዕድሜዋ የስሟን ፊደሎች ለይታለች። እኔ ከሩቅ ቆሜ አየኋቸውና ሳልናገር ወጣሁ፤ ምን እላለሁ? ያን መጽሐፍ እኔ ነበርኩ ልሰጣት የሚገባኝ።

እናንተስ? ቤታችሁ አያት ወይም እናት ካለች፣ በቃሏ የያዘችው ምን እንዳለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? መዝሙር ይሆናል፣ የለቅሶ ግጥም ይሆናል፣ ዳዊት ይሆናል፣ ቅኔም ሊሆን ይችላል። ስልካችሁ ድምፅ ይቀርጻል። አስፈቅዷትና ቅረጹ። ታናሽ እህታችሁም ከጓዳ ሆና ስታርማችሁ ብትሰሙ አትናደዱ፤ መጽሐፉን ይዛችሁላት ሂዱ።