ከአልጋ እስከ ደጃፍ፦ የሰር ሉድቪግ ጉትማን ሕይወት

የሰር ሉድቪግ ጉትማን ስም ዘወትር የሚነሣው ከአካል ጉዳተኞች ኦሎምፒክ ጋር ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ለሕክምና ባለሙያ ከውድድሩ ሜዳ ይልቅ የሚልቀው፣ በሽተኛው ከአልጋ ተነሥቶ ቤቱ እስኪገባ ያለውን ጊዜ ራሱን የቻለ ሕክምና ማድረጋቸው ነው።

ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1899 ያን ጊዜ በጀርመን ግዛት በነበረችው በቶስት ከአይሁዳውያን ቤተሰብ ተወለዱ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1917 በሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ሲያገለግሉ፣ አከርካሪው የተሰበረ አንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ መጣ። መሞቱ አይቀርምና ታሪኩን በመዝገብ ማስፈር እንኳ አያስፈልግም ተባለ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላም ሞተ። ጉትማን ያን ሰው ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም።

በብሬስላው የታወቁ የነርቭ ሐኪም ቢሆኑም፣ የናዚ መንግሥት ስላሳደዳቸው በ1939 ከነቤተሰባቸው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። የካቲት 1 ቀን 1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍል ሲከፈት ኃላፊነቱ ተሰጣቸው። በሽተኞቹ የታሰሩበትን ጄሶ አስወገዱ፤ እያንዳንዱም ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ አዘዙ። ሌሊት እየዞሩ ራሳቸው ይቆጣጠሩ ስለ ነበር ነርሶቹን ሳያስመርሩ አልቀሩም። የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ግን ተገታ።

ሆኖም ከሞት የዳነ ሽባ ያለ ዝግጅት ወደ ቤቱ ቢላክ፣ ያው ቁስል እዚያ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ቆዳውን መመርመር፣ ፊኛውን መቆጣጠር፣ በክንዱ ኃይል ከአልጋ ወደ ባለጎማ ወንበር መሸጋገር ይማር ነበር። አናጢነትና ሰዓት ጥገናም በሆስፒታሉ ውስጥ ይሠራ ነበር። ስፖርቱ የገባው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሐምሌ 29 ቀን 1948፣ የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 በሽተኞች በቀስት ተወዳደሩ። በ1960 ደግሞ ውድድሩ ሮም ደረሰ።

ጉትማን ከኃላፊነታቸው ቢለቁም ሥርዓታቸው ጸንቶ ነበር። በመጋቢት 1969 በመኪና አደጋ ኅብለ ሰረሰራቸው የተጎዳው ሻምበል አበበ ቢቂላ የተወሰዱት ወደዚሁ ሆስፒታል ነው። የሁለት ኦሎምፒክ ማራቶን ባለድሉ መጀመሪያ አንገታቸውን እንኳ ማዞር አይችሉም ነበር። ስምንት ወር ያህል ቆይተው የክንዳቸው ኃይል ተመለሰ፤ እግራቸው ግን አልተመለሰም። በ1970 በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፉ፤ በ1971 በኖርዌይ የ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፉ። በ1973 በ41 ዓመታቸው ዐረፉ።

በ1966 የሰርነት ማዕረግ የተቀበሉት ጉትማን ደግሞ መጋቢት 18 ቀን 1980 በ80 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።