ዞራ አርከስ-ደንቶቭ

ዞራ አርከስ-ደንቶቭ (ታኅሣሥ 16 ቀን 1902 ዓ.ም. – ሚያዝያ 13 ቀን 1988 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1909 – ኤፕሪል 21 ቀን 1996) በቤልጅየም ተወልዶ፣ በሩሲያ አድጎ፣ በጀርመን ተምሮ በአሜሪካ የሠራ የሞተር መሐንዲስና የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው የሼቭሮሌት ኮርቬት የተባለችውን የስፖርት መኪና ከዝግተኛ የከተማ መኪናነት ወደ እውነተኛ ተወዳዳሪነት በመለወጡ ነው። ለዚህ ለውጥ መነሻ ከሆኑት ሥራዎቹ አንዱ በስሙ የሚጠራው የደንቶቭ ካምሻፍት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነትና የስደት ዘመን

ዞራ ብራስልስ ከተማ ውስጥ ከሩሲያውያን አይሁድ ወላጆች ተወለደ። አባቱ የማዕድን መሐንዲስ፣ እናቱ የሕክምና ተማሪ ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ሩሲያ ተመልሶ ልጅነቱን በዛሬዋ ቅዱስ ጴጥሮስበርግ አሳለፈ። ወላጆቹ ከተለያዩ በኋላ እናቱ ደንቶቭ ከሚባል መሐንዲስ ጋር ስለኖረች ዞራና ወንድሙ ዩራ የአባታቸውንና የእንጀራ አባታቸውን ስም አጣምረው ያዙ።

በ1927 ቤተሰቡ ወደ በርሊን ተዛወረ። ዞራ በሻርሎተንበርግ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የምሕንድስና ትምህርቱን በ1934 አጠናቀቀ። በ1939 ኤልፊ ቮልፍ የተባለችውን ጀርመናዊት ዳንሰኛ አገባ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ከወንድሙ ጋር በፈረንሳይ አየር ኃይል ተቀጠረ፤ ፈረንሳይ በ1940 በናዚ ጀርመን ስትሸነፍ ግን ለአይሁድ ቤተሰብ በዚያ መቆየት የሞት አደጋ ነበረው። ዞራ ማርሴይ ከሚገኘው የስፔን ቆንስላ ለቤተሰቡ ቪዛ አገኘ፤ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አልፈውም በመርከብ ኒው ዮርክ ገቡ።

የአርደን ቴስታታ

በኒው ዮርክ ሁለቱ ወንድማማቾች ከስማቸው የተወሰደ አርደን የሚል ስም ያለው ድርጅት አቋቋሙ። ከጦርነቱ በኋላ ድርጅቱ ለፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የሚሆን የአሉሚኒየም ቴስታታ አመረተ። የፎርዱ ሞተር ቫልቮች ከሲሊንደሩ ጎን በሞተሩ ብሎክ ውስጥ የተቀመጡ በመሆናቸው አየር ተጣምሞ መግባትና መውጣት ነበረበት። የአርደን ቴስታታ ቫልቮቹን ከፒስተኑ በላይ ስላደረጋቸው ሞተሩ በደንብ መተንፈስ ቻለ። ድርጅቱ ግን በገንዘብ አልዘለቀም። ዞራ ወደ እንግሊዝ ሄዶ ለአላርድ የመኪና ድርጅት ሠራ፤ በ1952 እና በ1953 በዚሁ መኪና በፈረንሳይ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ተሳተፈ። በ1954 እና በ1955 ደግሞ በፖርሽ መኪና በ1100 ሲሲ ምድብ አሸናፊ ሆነ።

ወደ ሼቭሮሌት መግባት

በጃኑዋሪ 1953 ኒው ዮርክ ውስጥ በተካሄደ ትርዒት ዞራ የመጀመሪያዋን ኮርቬት አየ። መልኳን ወደደው፤ ውስጧ ግን ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተርና ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነበር። ለሼቭሮሌት ደብዳቤ ጽፎ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ተቀጠረ። በዲሴምበር ወር ለአለቆቹ ባቀረበው ማስታወሻ፣ መኪና ማፍጠን የሚወዱ ወጣቶች ወደ ፎርድ የሚያደሉት ለፎርድ ሞተር የሚሆን መለዋወጫ ስለሚያገኙ መሆኑን አስረዳ። ሼቭሮሌት ወጣቶቹን መሳብ ከፈለገ ካምሻፍትን የመሰሉ ዕቃዎችን ራሱ አዘጋጅቶ መሸጥ እንዳለበትም መከረ።

የደንቶቭ ካምሻፍት

ካምሻፍት በላዩ ባሉት እብጠቶች ቫልቮችን በየተራቸው የሚከፍት ዘንግ ነው። የእብጠቱ ቅርጽ ቫልቩ ምን ያህል እንደሚከፈትና ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቆይ ይወስናል። ረጅም ጊዜ የሚከፍት ካምሻፍት ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ብዙ አየር ያስገባል፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ግን አዲሱ አየርና የተቃጠለው ጭስ ስለሚቀላቀሉ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ በዝቅተኛ ዙር ያለው ጉልበትም ይቀንሳል።

ሁለተኛው ምርጫ በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል ያለው ገፊ ወይም ታፔት ነው። የሃይድሮሊክ ታፔት በውስጡ ባለው ዘይት ክፍተቱን ራሱ ይሞላል፤ ድምፅ የለውም፣ ማስተካከልም አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ዙሩ በጣም ሲጨምር ስፕሪንጉ ቫልቩን በጊዜ መመለስ ያቅተዋል፤ ታፔቱም የተፈጠረውን ክፍተት በዘይት ሞልቶ ቫልቩ እንዳይዘጋ ያደርጋል፣ ጉልበትም ይጠፋል። ድፍኑ ወይም ሜካኒካል ታፔት ይህ ችግር የለበትም። ነገር ግን ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ በመካከሉ ትንሽ ክፍተት መተው አለበት፤ ክፍተቱ ይንኳኳል፣ በየጊዜውም ተለክቶ መስተካከል ይፈልጋል። በጋራዥ ቫልቭ ማስተካከል የሚባለው ሥራ ይህ ነው።

ደንቶቭ ኮርቬትን በሰዓት ከ150 ማይል በላይ ለመንዳት ሲነሣ የነበረው ካምሻፍት እንደማይበቃ ተረድቶ አዲስ ነደፈ። ቫልቮቹን ረዘም ላለ ጊዜ የሚከፍተውንና ከድፍን ታፔት ጋር የሚሠራውን መረጠ፤ ለጸጥታና ለምቾት ሳይሆን ለከፍተኛ ዙር አደላ። በጃኑዋሪ 1956 በፍሎሪዳ ዴይቶና የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ራሱ እየነዳ በሰዓት 150.58 ማይል፣ ማለትም 242 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አስመዘገበ።

በ1957 ኩባንያው ምርጫውን ለገዢው ተወለት። የኮርቬት 4.6 ሊትር ሞተር ሁለት ካርቡሬተር ኖሮት በሃይድሮሊክ ታፔት 245 የፈረስ ጉልበት በ5000 ዙር ይሰጥ ነበር። በደንቶቭ ካምሻፍትና በድፍን ታፔት ደግሞ 270 የፈረስ ጉልበት በ6000 ዙር ሰጠ። ነዳጅ በሚረጭ ሥርዓት የሚሠራው ሞተር በዚሁ ካምሻፍት 283 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። የሞተሩ ስፋት 283 ኪዩቢክ ኢንች ስለሆነ ለእያንዳንዱ ኢንች አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት ነበር።

እገዳና ያልተፈጸመ ሕልም

ደንቶቭ ለውድድር ብቻ የሠራው ኮርቬት ኤስኤስ በማርች 1957 በሲብሪንግ ውድድር ከ23 ዙር በኋላ ተበላሽቶ ወጣ። በጁን ወር የአሜሪካ መኪና አምራቾች ከውድድር ለመራቅ ስለተስማሙ ፕሮጀክቱ ተቋረጠ። በ1962 ግራንድ ስፖርት የተባለ ቀላል ኮርቬት ቢጀምርም አምስት ብቻ ከተሠሩ በኋላ ኩባንያው አስቆመው። ሆኖም በ1963 የወጣው ኮርቬት ስቲንግ ሬይ የኋላ ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበትን ሥርዓት ከእሱ አገኘ።

ከሁሉ በላይ የተመኘው ሞተሩ ከሹፌሩ ኋላ የሚቀመጥ ኮርቬት ነበር። ከ1960 ጀምሮ በዚህ አሠራር የሙከራ መኪናዎችን ቢሠራም አለቆቹ ለሽያጭ አልፈቀዱለትም። በ1975 ጡረታ ሲወጣም ሕልሙ አልተፈጸመም ነበር።

ከሞቱ በኋላ

ደንቶቭ በ86 ዓመቱ አረፈ፤ አጽሙ ተቃጥሎ አመዱ በኬንታኪ ቦውሊንግ ግሪን በሚገኘው ብሔራዊ የኮርቬት ሙዚየም ተቀመጠ። ሞተሩ ከሹፌሩ ኋላ የሆነው የመጀመሪያው የሽያጭ ኮርቬት በ2019 ለሕዝብ ታየ፤ እሱ ከሞተ 23 ዓመታት አልፈው ነበር። የዚህ መኪና መደበኛ ሞተር ካምሻፍቱ አሁንም በብሎኩ ውስጥ ያለ ሲሆን ታፔቶቹ ግን ሮለር ያላቸው ሃይድሮሊክ ናቸው። በደንቶቭ ዘመን ጉልበት የሚፈልግ ሰው የሚተወው ጸጥተኛው ታፔት ዛሬ ከስድስት ሺህ ዙር በላይ ይሠራል፤ በ1957 ገዢው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ያስገደደው ልዩነትም በእጅጉ ጠቧል።