ጆን ቻርንሊ፦ የራሳቸውን ስህተት በራሳቸው እጅ ያረሙት ቀዶ ሐኪም

በዳሌው ውስጥ ሰው ሠራሽ የአጥንት ራስ የተተከለለት አንድ እንግሊዛዊ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከመገጣጠሚያው ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ይወጣ ነበር። ድምፁ ሚስቱን ክፉኛ አስመርሯታል። ቀዶ ሐኪሙ ጆን ቻርንሊ ግን ከዚያ ድምፅ አንድ ቁም ነገር ተረዱ፦ በኃይል የሚፋተግ መገጣጠሚያ ውሎ አድሮ መላላቱ አይቀርም።

ቻርንሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 በሰሜን እንግሊዟ ቤሪ ከተማ ከመድኃኒት ቀማሚ አባትና ከነርስ እናት ተወለዱ። በማንችስተር ሕክምና ተምረው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጦር ሐኪምነት ግብፅ ውስጥ አገለገሉ። ስማቸውን ያስጠራው ሥራ ግን የተከናወነው ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ይታከሙበት በነበረው ራይቲንግተን ሆስፒታል ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ትንሽ የብረት ራስ ቴፍሎን ከተባለ አንሸራታች ፕላስቲክ በተሠራ ጎድጓዳ ማቀፊያ ውስጥ እንዲሽከረከር አደረጉ። በሕመም ታስረው የነበሩ ሰዎች መራመድ ጀመሩ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቴፍሎኑ ተበላ፤ ብናኙም በዙሪያው ያለውን አካል አስቆጣ። ተከላው የተደረገላቸው 300 ያህል ሰዎች ነበሩ።

ቻርንሊ ውድቀቱን አልሸሸጉም፤ ታካሚዎቻቸውን መልሰው ቀዶ ሕክምና አደረጉላቸው። ብናኙ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ለማወቅም ቴፍሎንን በራሳቸው ጭን ውስጥ አስገብተው ፈተኑት።

በ1962 ከቴፍሎን እጅግ የሚበረታ ፖሊኤቲሊን የተባለ ፕላስቲክ ተገኘ። በዚህ ጊዜ አልቸኮሉም። መገጣጠሚያው በእርሳቸው ዘንድ ላልሠለጠኑ ሐኪሞች ለዓመታት እንዳይሸጥ ከለከሉ። ታካሚዎቻቸውም ሲሞቱ መገጣጠሚያው ወጥቶ እንዲመረመር እንዲፈቅዱ ይጠይቁ ነበር።

በ1977 የሰርነት ማዕረግ የተሰጣቸው ቻርንሊ በ1982 አረፉ። ፖሊኤቲሊንም ቀስ በቀስ መበላቱ ስላልቀረ፣ በ1970 ፈረንሳዊው ፒየር ቡታን የጀመሩት የሴራሚክ መገጣጠሚያ እየተሻሻለ መጣ። ሴራሚክ ከሴራሚክ ጋር ሲፋተግ የሚበላው እጅግ ጥቂት ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ይሰበራል፤ አንዳንዱም እንደዚያ የቀድሞ ታካሚ ዳሌ ሲጥ ይላል። የዛሬዎቹ ሐኪሞችም እንደ ቻርንሊ ፍርዱን የሚጠብቁት ቀዶ ሕክምናው ካለቀበት ሰዓት ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ነው።