ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን፦ የገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት አባት

የገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ በተነሳ ቁጥር ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 1818 በጀርመን አገር፣ በዚግ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሐም ተወለዱ። ለቤተሰቡ ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛው ነበሩ። በወጣትነታቸው በፕሩሲያ መድፈኛ ጦር ቢያገለግሉም የዓይን ሕመም ከሠራዊቱ አስወጣቸው። ሕመሙ ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1845 የቫየርቡሽ ከንቲባ ሆነው ተሾሙ። ከንቲባ ይባል እንጂ የሚያስተዳድሩት ድሃ የገበሬ መንደሮችን ነበር። በ1846 ሰብል ጠፋና ረሃብ ገባ። መንግሥት እህል ቢልክም በእጅ በእጅ ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ አዘዘ። የተራበው ሕዝብ ደግሞ ገንዘብ አልነበረውም። ራይፋይዘን ትእዛዙን ወደ ጎን ትተው ዕዳ እያስፈረሙ በዱቤ አደሉ። ቀጥለውም ያላቸውን ሰዎች አስተባብረው የዳቦ ማኅበር አቋቋሙ፤ የጋራ መጋገሪያ ቤትም አሠሩ።

በ1848 ወደ ፍላመርስፌልድ ሲዛወሩ የገጠማቸው ችግር አራጣ ነበር። ገበሬው ላም በዱቤ ይወስዳል፤ ወለዱ ሲከብድበት ላሟንም መሬቱንም ያጣል። በ1849 ወደ 60 የሚጠጉ ሀብታም ነዋሪዎች ዋስ ሆነው ገንዘብ ተገኘ። በገንዘቡም ከብት እየተገዛ ለገበሬው በአምስት ዓመት በሚከፈል ዱቤ ይሰጠው ጀመር።

እስከዚህ ድረስ መሪዎቹ ሰጪዎች፣ ገበሬዎቹ ደግሞ ተቀባዮች ነበሩ። ራይፋይዘን የበጎ አድራጎት መንገድ ይበቃል ብለው ለዓመታት አምነዋል። ሆኖም በ1854 በሄደስዶርፍ ባቋቋሙት የበጎ አድራጎት ማኅበር ሀብታሞቹ እየሰለቹ ሸሹ። አንድ ሹም የገዛ ሥራውን አፍርሶ እንደገና ሲጀምር ማየት ብዙም የተለመደ አይደለም፤ ራይፋይዘን ግን አደረጉት። በ1864 ተበዳሪው ራሱ አባልና ዋስ የሆነበት የብድር ማኅበር ተተካ።

የመተዳደሪያ ደንቡ ነገር ሰፋ ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል። ማኅበሩ ሰው ሰውን ከሚያውቅበት ከአንድ አጥቢያ ብዙም አያልፍም። አባላት ለማኅበሩ ዕዳ ባላቸው ንብረት ሁሉ ተጠያቂ ናቸው፤ ስለዚህ ለማን እንደሚበደር ሁሉም ይከታተላል። ትርፍ ለአባላት አይከፋፈልም፤ የማይከፋፈል መጠባበቂያ ይሆናል። የሥራ አመራር አባላት ያለ ደመወዝ ይሠራሉ፤ የሚከፈለው ለሒሳብ ሠራተኛው ብቻ ሲሆን እርሱም ብድር በመፍቀድ ላይ ድምፅ የለውም። የውሎ አበልን ጣጣ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አያጣውም። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፦ ብድር በበዛ ቁጥር የሚጠቀም መሪ ለማንም ያበድራል፤ የትርፍ ድርሻ የሚጠብቅም ወለድ ያስጨምራል።

እርሳቸውም ከማኅበሩ አልበሉም። በ1865 በሕመም ምክንያት በአነስተኛ ጡረታ ሲሰናበቱ ቤተሰባቸውን ለማስተዳደር ሲጋራ ማምረት፣ በኋላም ወይን ጠጅ መነገድ ያዙ። ባለቤታቸው ቀደም ብለው በ1863 ሞተው ነበር። ዓይናቸው እየደከመ በሄደ ጊዜ ልጃቸው አማሊያ ታነብላቸው፣ ትጽፍላቸው ነበር። በ1866 ስለ ብድር ማኅበራት ያሳተሙት መጽሐፍ ሐሳቡን ወደ ሌሎች አውራጃዎች አደረሰው። አማሊያ ትዳር ሳትይዝ ዕድሜዋን በአባቷ ሥራ ላይ አሳለፈች፤ ያለ ደመወዝ ማገልገል ከሁሉ በላይ የከበደው በእርሷ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ራይፋይዘን ጉድለት አልነበረባቸውም ማለት አይደለም። ማኅበራቱ ሲበዙ አመራሩ በኖይቪድ ማዕከል ሥር እንዲሆን ግትር አሉ። ቪልሄልም ሃስ የተባሉት መሪ የየአካባቢው ማኅበራት ራሳቸውን ይምሩ የሚል አቋም ስለነበራቸው ተለያዩ።

ራይፋይዘን 70 ዓመት ሊሞላቸው 19 ቀን ሲቀራቸው፣ ማርች 11 ቀን 1888 በሄደስዶርፍ አረፉ። የተለያዩት ሁለቱ ወገኖች በአንድ ኅብረት ሥር የተዋሃዱት በ1930 ነው።