ጊታርን ገልብጦ የያዘው ጂሚ ሄንድሪክስ

ዛሬ ወደ ሙዚቃው ዓለም ጎራ ብለን በኤሌክትሪክ ጊታር አጨዋወቱ ስመ ጥር ስለሆነው ስለ ጂሚ ሄንድሪክስ ሕይወት ጥቂት ልንል ወደናል። ጊታርና መምህርነት ምን አገናኛቸው የሚለን አይጠፋም። ትንሽ ታግሦ ያንብበን እንላለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጂሚ የተወለደው ኖቬምበር 27 ቀን 1942 በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትል ከተማ ነው። ሲወለድ የወጣለት ስም ጆኒ አለን ነበር። በውትድርና ላይ የነበረው አባቱ አል ሄንድሪክስ ከጦሩ ከተመለሰ በኋላ በ1946 ስሙን ለውጦ ጄምስ ማርሻል አለው። ይቺን ማርሻል የምትባል ስም አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ ኋላ እንመለስባታለን። ወላጆቹ አልተስማሙም፣ ተፋቱ። እናቱ ሉሲል በ1958 ስትሞት ልጁ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ቤቱ የድሃ ቤት ነው፤ ልጆቹም በየዘመዱ ቤት እየዞሩ ያደጉ ናቸው።

ታዲያ ይህ ልጅ ተማሪ ቤት መጥረጊያ ይዞ ይመጣ ነበር። መጥረጊያውን እንደ ጊታር አቅፎ፣ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ሲጫወት ይውላል። አንድ ቀን ሁለት ቀን ቢሆን ጨዋታ ነው ይባላል፤ የሱ ግን ከዓመት በላይ ቆየ። ይህንን ያስተዋለች የትምህርት ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ለድሃ ልጆች ከሚመደበው ገንዘብ ጊታር ይገዛለት፣ አለበለዚያ የልጁ መንፈስ ሊጎዳ ይችላል ብላ ደብዳቤ ጻፈች። ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። አባቱም አልገዛለትም። እኛ በበኩላችን ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ብዙ ያነጋገረችን ይህቺ ሴት ነች። ልመናዋ ባይሳካም አይታ ነበር እኮ! ስልሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ መጥረጊያ የያዘውን አንዱን ልጅ ለይቶ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

በ1957 ገደማ ከአባቱ ጋር የአንዲት አሮጊት ቤት ዕቃ ሲያወጡ ከቆሻሻው መካከል አንዲት ባለ አንድ ክር ዩኩሌሌ አገኘ። ዩኩሌሌ ትንሽ ጊታር መሳይ መሣሪያ ነች። በዚያች በአንዲት ክር ከሬዲዮ የሰማውን ዜማ እየተከተለ መልመድ ጀመረ። የእኛ ማሲንቆም አንድ ክር ስለሆነ ይሄ ለባሌ ሰው ብዙ አያስገርምም። በ1958 በአምስት ዶላር ያረጀ ጊታር ገዛ፤ በ1959 ደግሞ አባቱ ተሸንፎ ሱፕሮ የተባለ ነጭ የኤሌክትሪክ ጊታር ገዛለት። ማጉያ ግን አልነበረውም። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ማጉያ ማለት መብራት በጠፋበት ምሽት እንዳለ ሬዲዮ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጂሚ ግራኝ ነበር። ጊታር ደግሞ እንደ አብዛኛው ዕቃ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሊዮን እንደተረከው አባታቸው በግራ እጅ መጫወትን የሰይጣን ነገር አድርጎ ያየው ስለነበር፣ ልጁ አባቱ ቤት ሲገባ በቀኝ፣ ሲወጣ በግራ ይጫወት ነበር። በዚህም ምክንያት በሁለቱም በኩል መጫወት ቻለ ይባላል። ቢሆንም ለራሱ የመረጠው ግራውን ነው። የቀኝ ጊታር ገልብጦ ያዘ፤ ክሮቹን ፈትቶ ወፍራሟን ወደ ላይ፣ ቀጭኗን ወደ ታች አድርጎ እንደገና አሰረ።

በእኛም አገር ይህ ጉዳይ የሩቅ አይደለም። በግራ እጅ መብላት ነውር ነው፤ በግራ የሚጽፍ ልጅ እጁን የሚመታበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ አሁንም ጨርሶ አልቀረም። ኢማም አሕመድ ኢብራሂምን እንኳ የአማርኛው ታሪክ የሚጠራቸው ግራኝ ብሎ ነው። ነገ ተመርቀን በዲንሾ፣ በአጋርፋ፣ በጋሠራ ክፍል ስንገባ ጠመኔ በግራ የሚይዝ ልጅ መገናኘታችን አይቀርም። እጁን መምታት ነው፣ ወንበሩን ወደ ግራ ጠርዝ ማዛወር? ሁለተኛው ምንም ወጪ የለውም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ጂሚ ሁለተኛ ደረጃን አልጨረሰም። በ1961 በተሰረቀ መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ ተገኝቶ ስለ ነበር እስር ቤት ወይም ውትድርና ተብሎ ውትድርናን መረጠ፤ የጃንጥላ ወታደርም ሆነ። ጊታሩን ከቤት አስልኮ ሌሊት እያቀፈ ያድር ነበር ይባላል። በ1962 ከጦሩ ተሰናብቶ ለሌሎች ዘፋኞች አጃቢ ሆነ፤ ከነሱም ኢዝሊ ብራዘርስና ሊትል ሪቻርድ ይገኙበታል። አጃቢነት ጥሩ ትምህርት ቤት ሆነለት፤ የምት ጊታር አያያዙ የበሰለው ያኔ ነው። በሴፕቴምበር 1966 ቻዝ ቻንድለር የተባለ እንግሊዛዊ ከኒው ዮርክ ወደ ለንደን ወሰደው። እዚያ ከበሮ መቺው ሚች ሚቸልና ቤዝ ተጫዋቹ ኖኤል ሬዲንግ ተጨመሩና ሦስት ሰዎች ያሉት ባንድ ተቋቋመ። ከዚህ በኋላ የቀረለት ዕድሜ አራት ዓመት ብቻ ነበር።

አንባብያን ሆይ፣ ጊታር የምትነካኩ ካላችሁ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡን። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የሚወለደው ከእንጨቱ ሳይሆን ከክሮቹ ሥር ካለው ፒክአፕ ነው። ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ በማግኔትና በሽቦ የምናሳየው ሙከራ ማለት ነው። ጂሚ የሚወደው ስትራቶካስተር የተባለው የፌንደር ጊታር ሦስት ፒክአፕ ሲኖረው፣ በክሮቹ ማሰሪያ በኩል ያለው ሰያፍ ሆኖ የተተከለ ነው። ጊታሩ ሲገለበጥ ሰያፉም ይገለበጣል። በዚህ የተነሳ የወፍራሞቹ ክሮች ድምፅ ጠንከርና ጥርት፣ የቀጭኖቹ ደግሞ ለስለስ ይላል። ሌሎች ጊታሪስቶች ያላገኙት ድምፅ በከፊል ከዚሁ ከግራኝነቱ የመጣ ነው!

ማጉያዎቹን የሠራለት ሰው ስም ጂም ማርሻል ይባላል። እንግዲህ ያቺ ስም መጣች፤ ጄምስ ማርሻል ሄንድሪክስ በጄምስ ማርሻል ማጉያ ተጫወተ። ይህ ማርሻል ደግሞ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት የከበሮ መምህር ነበር፤ ሚች ሚቸልም በልጅነቱ እሱ ዘንድ የሠራ ነው። ማጉያዎቹ 100 ዋት ኃይል ያላቸው ሲሆኑ፣ ጂሚ እስከ መጨረሻው ከፍቷቸው ከፊታቸው ይቆማል። የድምፅ ማጉያው አየሩን ሲያናውጥ ክሩ ራሱ ሳይነካ ይርገበገባል፤ ያ እንደገና ወደ ማጉያው ይገባል፤ ስለዚህ ድምፁ ሳይሞት ይዞራል። ማይክራፎን ወደ ስፒከር ሲጠጋ የሚጮኸው ጩኸት ይኸው ነው። ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ጩኸት እሱ እንደ ዜማ ገራው።

በእግሩ ሥር ደግሞ ፔዳሎች ነበሩ። ዋዋ የሚባለው በእግር ሲረገጥ ድምፁን እንደሚናገር አፍ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል፤ በ1970ዎቹ አዲስ አበባ በተቀረጹ ሸክላዎችም ላይ ይሰማል። ፈዝ ፌስ የሚባለው ክቡ ሳጥን ድምፁን ያሻክራል። የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት በጀርማንየም ትራንዚስተር ስለሆነ ከሙቀትና ከቅዝቃዜ ጋር ጠባያቸው ይለዋወጣል፤ ሳኔቲ ላይ ወጥቶ የሚጫወት ካለ ይጠንቀቅ። የሚያስደንቀው ግን ጂሚ ፔዳሉን ሳያጠፋ በጊታሩ ላይ ያለችውን የድምፅ ቁልፍ ትንሽ ቀነስ ሲያደርጋት ሻካራው ድምፅ ጥርት ማለቱ ነው። ዕቃው ብቻ ሳይሆን እጁ ነበር የሚሠራው።

እጁ ረጅም ነው። አውራ ጣቱን በአንገቱ ላይ አሳልፎ ወፍራሟን ክር ሲይዝ፣ አራቱ ጣቶች ለዜማ ነፃ ይሆናሉ፤ ስለዚህ አንድ ሰው እንደ ሁለት ሰው ይጫወታል። ክሮቹን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቃኛቸው ነበር። አንዳንዴ ክሮቹን በጣቱ አፍኖ ምቱን ብቻ ያስሰማል፤ ግርፍ ክራር የሚመታ ሰው ይህን ያውቀዋል፣ የማይፈለገውን ክር በጣት ማፈን የክራር ሁሉ ነገር ነውና። ብሉዝ የሚባለው ሙዚቃም እንደ እኛ ቅኝቶች በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከባቲም ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ኖታ ማንበብ ግን አይችልም ነበር። ይህን ሰምቶ የሙዚቃ ትምህርት ክፍለ ጊዜ የሚቀር ሰው ቢኖር እኛ የለንበትም፤ እሱ በመማር ፈንታ ጊታሩን ከእጁ ሳይለይ ስንትና ስንት ዓመት ከፍሏል።

በጁን 1967 በካሊፎርኒያ፣ በሞንተሬይ በዓል ላይ ጊታሩን በእሳት አቃጠለ። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። ለእኛ ግን ጊታር ማቃጠል አይዋጥልንም፤ የአንድ ጊታር ዋጋ በእኛ አገር የስንት ወር ደመወዝ ነው! ከዚያ ይልቅ የምናደንቀው በኦገስት 18 ቀን 1969 ዉድስቶክ ላይ የሠራውን ነው። ሰኞ ጧት ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ ተበትኗል። ነጭ ስትራቶካስተር ይዞ የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር ያለ ቃል በጊታር ብቻ ተጫወተ። በመካከሉ የአውሮፕላንና የቦምብ ድምፅ የሚመስል ጩኸት አስገባበት፤ ጊዜው የቬትናም ጦርነት ነበር፣ እሱም የጃንጥላ ወታደር የነበረ ሰው ነው። አንዳንዱ መዝሙሩን ደፈረ አለው፤ ሌላው ጦርነቱን በድምፅ ሣለው አለ። በእኛ መካከልም በዚህ ነገር ክርክር ተነሥቶ አልተስማማንም።

በኦገስት 1970 በኒው ዮርክ የራሱን የመቅረጫ ስቱዲዮ ኤሌክትሪክ ሌዲን አስመረቀ። ብዙም አልሠራበትም። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 ለንደን ውስጥ የእንቅልፍ ክኒን ከልክ በላይ ወስዶ በተኛበት ሞተ፤ ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። አስከሬኑ ወደ አገሩ ተወስዶ በሲያትል አጠገብ በምትገኘው ሬንተን ተቀበረ። በዉድስቶክ የያዛት ነጭ ጊታርም ከብዙ ዓመት በኋላ ወደዚያችው ወደ ተወለደባት ከተማ፣ ሙዚየም ገብታለች።