ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ከሐረር የብራና ቤት እስከ ባሕር ማዶ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታሪክ ሲነሣ ስማቸው በቅድሚያ ከሚጠራ ሰዎች አንዱ ሠዓሊ፣ ገጣሚና መምህር ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ካረፈ ከ40 ዓመታት በላይ ቢያልፉም ሥዕሎቹ ዛሬም ይታያሉ፤ ግጥሞቹም ከአገራቸው ርቀው በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ በቃል ይወጣሉ።

ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ በብራና መጻሕፍት ላይ ሥዕል የሚሠሩ ካህን ነበሩ። የብራና ሥራ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ሙያ ነው። ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፤ ብርዑ ይቀረጻል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል። ፊደሉ የሚጻፈውና ሐረጉ የሚሣለው ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ነው። ልጁ ከቀለም ጋር የተዋወቀው ከማንኛውም ትምህርት ቤት አስቀድሞ በዚህ ቤት ነበር።

በአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሳይንስ ትምህርት ጀመረ፤ ይሁን እንጂ ልቡ ወደ ሥዕል ስላዘነበለ አቋረጠው። በ1957 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ጀርመን ኮሎኝ ከተማ ተጓዘ። በዚያም የአውሮፓን አዲስ የአሣሣል ስልት በጥልቀት ተማረ፤ ሥራዎቹንም ለሕዝብ አቀረበ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። በዚያ ዘመን ብዙው ተመልካች ከሥዕል የሚጠብቀው በግልጽ የሚለይ የሰው መልክ ወይም የታወቀ ታሪክ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ግን ቅርጽን ወደ ቀለምና ወደ መስመር የሚለውጥ ረቂቅ ሥዕል ይዞ መጣ። ይህ ከባዕድ የመጣ ስልት ነው የሚሉ ተቺዎች ተነሡበት። እርሱ ከስልቱ አልተመለሰም፤ ከወገኑ ኑሮም አልራቀም። የድሆችን መንደርና የተራውን ሰው ሕይወት ሣለ። ጎልጎታ በተሰኘው ሥራው ደግሞ ከሃይማኖታዊው የሥዕል ትውፊት የመጣውን የስቅለት ታሪክ በአዲስ መንገድ አቀረበ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ለሥራው ተሰጠው።

በብሩሽ ያልገለጸውን በብዕር ገለጸ። በእጅጉ የታወቀው ግጥሙ ሀገሬ ይባላል። የትውልድ አገርን ፀሐይ፣ ነፋስና ለምለም ምድር፣ የባዕድ አገር ኑሮ የሚያሳድረውን ናፍቆትና ወደ አገር የመመለስ ጽኑ ምኞት የያዘ ነው።

ምኞቱ ግን አልተፈጸመለትም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ አገሩን ለቆ ወጣ። በመጨረሻም በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት በምትገኘው ላውተን ከተማ መኖር ጀመረ። በ1981፣ ገና 50 ዓመት ሳይሞላው፣ አገሩን ዳግም ሳያይ በዚያው አረፈ።

እርሱ ባይመለስም ሥራዎቹ ተመለሱ። በጀርመን ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በ2008ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። ግጥሞቹም መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታትመው ለአንባቢ ደረሱ።

የገብረ ክርስቶስ ታሪክ በጃዛን ተራሮችና በአድ-ዳኢር የቡና እርከኖች አካባቢ ለሚኖሩና ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። የተወለደባት ሐረርም በቡናዋ የታወቀች ናት፤ እርሱም እንደ እነርሱ ባሕር ተሻግሮ ኖሯል። ከአባቱ ቤት ያገኘውን የቀለም ፍቅር በሄደበት ሁሉ ይዞ ዞረ፤ በባዕድ ምድር የተማረውንም ለአገሩ ልጆች አስተማረ። ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ሥዕሎቹን በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ሊያያቸው ይችላል።