ሠዓሊ ገብረክርስቶስ ደስታ፦ የረቂቅ ሥዕል ፈር ቀዳጅ

ሠዓሊና ገጣሚ ገብረክርስቶስ ደስታ፣ አብስትራክት ወይም ረቂቅ ተብሎ የሚታወቀውን የሥዕል ስልት በኢትዮጵያ ካስተዋወቁት ቀዳሚ ባለሙያዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ሰውም ሆነ መልክዓ ምድር በግልጽ የማይታይበት፣ በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገር ሥዕል የኢትዮጵያ ሥዕል ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሥራቸው ተለይቶ አያውቅም።

ገብረክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ባለሙያ ነበሩ። በመሆኑም ልጃቸው ከቀለምና ከብሩሽ ጋር የተዋወቁት ገና በቤታቸው ሳሉ ነው። ገብረክርስቶስ ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሳይንስ ዘርፍ ቢጀምሩም ሳያጠናቅቁ አቋርጠው ፊታቸውን ወደ ሥዕል አዞሩ።

እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ጀርመን ተጉዘው በኮሎኝ ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ተከታተሉ። በናዚ አገዛዝ ዘመን የተዘለፈውና ከሙዚየሞች የተወገደው ዘመናዊ ሥዕል፣ በዚያን ጊዜ ወደ ጀርመን ትምህርት ቤቶችና የሥዕል ማሳያዎች በስፋት ተመልሶ ነበር። ገብረክርስቶስም ከጀርመን ኤክስፕሬሽኒዝምና ከረቂቅ ሥዕል ጋር በቅርብ የተዋወቁት በዚሁ ጊዜ ነው። የነገሮችን መልክ ከመቅዳት ይልቅ ስሜትን በቀለም ኃይል መግለጽ የሥራቸው መሠረት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ በሠዓሊ አለ ፈለገሰላም የተመሠረተና ዛሬ በእርሳቸው ስም የሚጠራው ተቋም ነው። ለዘመናት የቅዱሳንን ታሪክ፣ ጦርነትንና የነገሥታትን ገድል የሚተርክ ሥዕል ሲመለከት ለኖረ ሕዝብ፣ የገብረክርስቶስ ሥራዎች እንግዳ ነበሩ። ስልቱ ከውጭ የመጣ ነው፣ ሀገራዊ መልክ የለውም የሚል ትችት ቀረበባቸው። እርሳቸው ግን ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ የተለመደውን ምስል የመድገም ግዴታ እንደሌለበት በመከራከር በመንገዳቸው ጸኑ።

ለትችቱ ዋነኛ መልስ የሰጡት በሥራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የሠሩት ጎልጎታ የተባለው ሥዕል ርእሱን የወሰደው አባታቸው በብራና ላይ ያስጌጡት ከነበረው መንፈሳዊ ዓለም ነው። የስቅለትን ስቃይ የገለጹት ግን በተለመደው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ሳይሆን በቀይ ቀለም ብርታት ነው። ሥዕሉ አዲሱ ስልት ከሀገር ቅርስ ጋር ሊገናኝ እንደሚችል ያሳየ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1965 በሥነ ጥበብ ዘርፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ሲቀበሉ፣ ብዙ ያከራከረው ስልታቸው ከፍተኛ ሀገራዊ እውቅና አገኘ።

ገብረክርስቶስ በገጣሚነታቸውም የታወቁ ናቸው። ሀገሬ የተሰኘው ግጥማቸው የሀገር ናፍቆትን ከሚገልጹ ተወዳጅ የአማርኛ ግጥሞች አንዱ ሲሆን፣ ግጥሞቻቸው ካረፉ በኋላ መንገድ ስጡኝ ሰፊው በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታትመዋል።

ከ1974ቱ (እ.ኤ.አ.) አብዮት በኋላ ባሉት ዓመታት ሀገራቸውን ለቀው በስደት ለመኖር ተገደዱ። እ.ኤ.አ. በ1981፣ ገና ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው፣ በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት በላውተን ከተማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እርሳቸው በሕይወት ወደ ሀገራቸው ባይመለሱም በጀርመን የቆዩ ሥዕሎቻቸው ተመልሰዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገብረክርስቶስ ደስታ ማዕከል በስማቸው ተሰይሟል። በአንድ ወቅት የሀገር ሥዕል አይደለም የተባለው ሥራ ዛሬ ትውልድ የሚማርበት የሀገር ቅርስ ሆኗል። ዜጎችም ማዕከሉን በመጎብኘት የዚህን ታላቅ የጥበብ ሰው አሻራ በአካል እንዲመለከቱ ይበረታታሉ።